ባንክ ያለው ኩባንያና ባንክ የሆነ ኩባንያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ነው።

ጥያቄ፦ «ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገልኩ፣ አሁን በሁለት የግል ባንኮች ጥቂት ጥቂት አክሲዮን ያለኝ የሰንጋ ተራ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ባለአክሲዮን ተነሥተው ‹ባንካችን ለምን ሆልዲንግ ኩባንያ አያቋቁምም?› ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ቤቴ ገብቼ ሻይ ሳፈላ ግን ለምን እንዳጨበጨብኩ ራሴን ጠይቄ መልስ አጣሁ። ነገሩ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ? በሚቀጥለው ጉባኤስ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ለዓምዱ መጨረሻ እናቆየውና ከመጀመሪያው እንነሣ። የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ባንክ የሆነ ሳይሆን ባንክ ያለው ኩባንያ ነው። ራሱ ተቀማጭ አይቀበልም፣ ቼክ አይመነዝርም፣ ገንዘብ ከፋይ የሚቀመጥበት መስኮትም የለውም፤ ዋናው ንብረቱ የባንክ አክሲዮን ነው። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በሙያዎ ቋንቋ ልንገርዎት፤ በባንኩ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ካፒታል ተብሎ የሚጻፈው ነገር በሆልዲንግ ኩባንያው፣ ማለትም በእናት ኩባንያው፣ መግለጫ ላይ ተሻግሮ ሀብት ሆኖ ይጻፋል። ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህች መሻገር የሚመነጭ ስለሆነ ልብ ይበሏት።

አመጣጡ ከአሜሪካ ነው፤ የወለደውም ታላቅ የኢኮኖሚ ራእይ ሳይሆን ክልከላ ነው። ከሰንጋ ተራ ተነሥተው በእግርዎ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ቢሄዱ የአንዱን ባንክ ቅርንጫፍ ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚያገኙ ነገሩ እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል፤ በአሜሪካ ግን እንደ ኢሊኖይ ባሉ ግዛቶች ለረጅም ዘመን ባንክ ማለት አንድ ሕንፃ ነበር። ገበሬውና የትንሽ ከተማ ባለ ባንኩ የኒው ዮርክንና የቺካጎን ትልልቅ ባንኮች ስለሚፈሩ የግዛቶቹ ሕግ አውጪዎች ቅርንጫፍ መክፈትን ይከለክሉ ወይም በእጅጉ ይገድቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው የማክፋደን ሕግ በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ባንኮች በዋና ከተማቸው ቅርንጫፍ እንዲከፍቱ ቢፈቅድም፣ ያም የግዛቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከግዛት ግዛት መሻገርማ የማይታሰብ ሆነ። ታዲያ አንድ ባንክ በአሥር ከተማ አሥር ቅርንጫፍ መክፈት ካልቻለ፣ አንድ ኩባንያ በአሥር ከተማ የአሥር ባንኮችን አክሲዮን ቢገዛ ማን ይከለክለዋል? የሆልዲንግ ኩባንያው ብልሃት ይኸው ነው።

በዚህ ብልሃት ከሁሉ ርቆ የሄደው አማዴኦ ጃኒኒ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1904 ባንክ ኦፍ ኢታሊን አቋቁሞ፣ ከተማዪቱ በ1906 በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም በርሜል ላይ ሳንቃ አጋድሞ ማበደሩ እስከ ዛሬ የሚተረክለት፣ ባንኩም ኋላ ባንክ ኦፍ አሜሪካ የሆነለት ነው። በ1928 ትራንስአሜሪካ የሚባል ሆልዲንግ ኩባንያ አቆመ፤ ኩባንያውም ከጊዜ በኋላ በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገን፣ በኔቫዳ፣ በአሪዞናና በዋሽንግተን ግዛቶች ባንኮችን በእጁ አስገባ። ሕጉ ቅርንጫፎቹን ከግዛት እንዳይወጡ ሲጠብቅ ባለቤትነቱ በላያቸው አልፎ ሄደ ማለት ይቻላል።

ጣጣው የታየው ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጋር ነው። በኅዳር 1930 በቴነሲ ግዛት የናሽቪሉ ካልድዌል ኩባንያ ሲፈርስ ከእርሱ ጋር በባለቤትነትና በብድር የተሳሰሩ፣ ወይም ወሬው ብቻ የደረሳቸው፣ ከመቶ በላይ ባንኮች ተዘጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የዲትሮይት ሆነ። የከተማዋ ባንኮች አብዛኞቹ በሁለት ቡድኖች እጅ ነበሩ፤ እናት ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮኖቻቸው ቃል የገቡትን ለመክፈል ከልጅ ባንኮቻቸው የትርፍ ድርሻ ይስቡ ስለነበር፣ ብድር መመለስ ባቆመበት ሰዓት ባንኮቹ ባዷቸውን ተገኙ። ከሁለቱ ቡድኖች በአንደኛው ሥር የነበረ አንድ የትረስት (የሰው ገንዘብና ንብረት በአደራ የሚያስተዳድር) ኩባንያ መክፈል ሲያቅተው የሚቺጋን ገዥ የካቲት 14 ቀን 1933 የግዛቱን ባንኮች ሁሉ ለስምንት ቀናት ዘጉ፤ ፍርሃቱ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቶ በመጋቢት 6 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመላ አገሪቱን ባንኮች ዘጉ። እነዚህ ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሕግ ቀዳዳን ሲያሳድድ፣ ቀዳዳም ከሕግ ሲያመልጥ የታየበት ነው። የ1933ቱ የባንክ ሕግ ንግድ ባንክን አክሲዮንና ቦንድ ለገበያ ከሚያቀርበው ከኢንቨስትመንት ባንክ ሲለይ ሆልዲንግ ኩባንያዎችን ግን ነካ አድርጎ ብቻ ተዋቸው። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ትራንስአሜሪካን በውድድር ሕግ ቢከስስም በ1953 በይግባኝ ተረታ። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1956 የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ሕግን አወጣ፤ የሁለት ወይም የበለጡ ባንኮችን 25 በመቶና ከዚያ በላይ አክሲዮን የያዘ ኩባንያ ሁሉ በፌዴራል ሪዘርቭ እንዲመዘገብ፣ ከባንክ ውጪ ያለውን ንግዱን እንዲተው፣ ግዛቱ በሕግ ካልፈቀደለት በስተቀር በሌላ ግዛት ባንክ እንዳይገዛ ደነገገ። ትራንስአሜሪካም ባንኮቹን አሳልፎ በኢንሹራንስ ጸና። «ሁለት ወይም የበለጡ» የሚለው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው፤ አንድ ባንክ ብቻ ያለው ኩባንያ ሕጉ አይነካውምና። የዛሬው ሲቲ ባንክ በ1968 በዚያው በር ገብቶ ከራሱ በላይ እናት ኩባንያ አቆመ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በሩ የተዘጋው በ1970 ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ በፒያሳ አካባቢ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የአሜሪካ ባንኮች ዛሬ በየትኛውም ግዛት ቅርንጫፍ መክፈት እንደሚችሉ አነበብኩ። ታዲያ ሆልዲንግ ኩባንያው ለምን እስከ ዛሬ ቆየ? ለኢኮኖሚውስ የሚሠራው ነገር አለ?»

መልስ፦ ትክክል ነሽ፤ በ1994 የወጣው የሪግል–ኒል ሕግ የግዛት ወሰንን አፍርሶታል። ከዚያም በፊት ሜይን የተባለችው ግዛት በ1975 የሌላ ግዛት ሆልዲንግ ኩባንያዎች እንዲገቡባት በር ከፍታ፣ በ1980ዎቹ ሌሎቹ ግዛቶች እየተከተሏት ስለነበር፣ የአሜሪካን ባንኮች አገር አቀፍ ያደረጓቸው በመሠረቱ ሆልዲንግ ኩባንያዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ14,000 በላይ የነበሩት ንግድ ባንኮች ዛሬ ከ5,000 በታች ወርደዋል። ባንኮች በብዙ አካባቢ ሲሠሩ የአንድ ክልል የሰብል ወይም የነዳጅ ዋጋ መውደቅ ብቻውን እንዳይጥላቸው ይረዳል፤ በሌላ በኩል ትንሹን ነጋዴ በስሙ የሚያውቀው የመንደር ባንክ ቁጥሩ ሳስቷል። እንደ ብድር ሠራተኛነትሽ የኋለኛው ከኔ ይልቅ ላንቺ ይገባሻል።

የቆየበት ምክንያት ግን ከቅርንጫፍ ጋር የተያያዘ አይደለም። እናት ኩባንያ ባንክ በማይችልባቸው መንገዶች ገንዘብ ይሰበስባል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በተቀማጭ ወለድ ላይ ጣሪያ ጥሎ ባንኮች ተቀማጭ ሲሸሻቸው፣ እናት ኩባንያዎቹ የአጭር ጊዜ የዕዳ ሰነድ ሸጠው ገንዘቡን ለልጆቻቸው አስተላለፉ። ሌላው የሥራ ዓይነትን መለያየት ነው፤ የኢንሹራንሱ፣ የሊዙ፣ የአክሲዮን ድለላው ሥራ በየራሱ ኩባንያ ሲቀመጥ የአንዱ ክስረት በመርህ ደረጃ ሌላውን አይነካም። በ1998 የሲቲ ባንክ እናት ሲቲኮርፕ ትራቨለርስ ከተባለው የኢንሹራንስ ቡድን ጋር ሲዋሐድ የነበረው ሕግ በዘላቂነት የማይፈቅደውን ውሕደት ሠርቶ ሕጉ እስኪለወጥ ጠበቀ፤ ሕጉም በዓመቱ ተለወጠለት። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በሌላ ዘርፍ ቢሆን ድፍረት ይባል ነበር።

በመዋቅሩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልታጠኚው የሚገባሽን ነገር በምሳሌ ላሳይሽ። እናት ኩባንያው 300 ሚሊዮን ብር በቦንድ ተበድሮ የልጅ ባንኩን አዲስ አክሲዮን ገዛበት እንበል። በባንኩ መዝገብ ላይ ካፒታል በ300 ሚሊዮን ብር ጨምሯል፤ ባንኩ ለእያንዳንዱ 10 ብር ብድር 1 ብር ካፒታል የሚጠየቅ ከሆነ 3 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ማበደር ይችላል። ብሩ ግን ከፍ ብሎ ሲታይ ካፒታል ሳይሆን ዕዳ ነው። የቦንዱን ወለድ እናት ኩባንያው የሚከፍለው ከባንኩ በሚያገኘው የትርፍ ድርሻ ስለሆነ፣ አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ ተቆጣጣሪው «ዘንድሮ ትርፍ አይከፋፈልም» ያለ ዕለት እናትየው ወለድ የምትከፍልበት ታጣለች። በታችኛው ፎቅ መሠረት የመሰለው ነገር በላይኛው ፎቅ ብድር ነበር። ስለዚህ የባንኩን ሒሳብ ለብቻው፣ የእናቲቱን ለብቻዋ፣ ከዚያም የሁለቱን ተጠቃሎ ያላየ ተቆጣጣሪ ምንም አላየም።

የመዋቅሩ ሌላው ጥቅም የማዕከላዊ ባንክን በር ማስከፈቱ ነው። የኒው ዮርኩ ኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ በመስከረም 15 ቀን 2008 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከከሰረ ከስድስት ቀን በኋላ እንደ እርሱ ኢንቨስትመንት ባንክ የነበሩት ጎልድማን ሳክስና ሞርጋን ስታንሊ፣ እስከዚያ ዕለት የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ላለመሆን ሲጠነቀቁ የኖሩት፣ በአንድ እሑድ ሌሊት ፈቃድ አግኝተው ሆልዲንግ ኩባንያ ሆኑ። ያገኙት ነገር በፌዴራል ሪዘርቭ ጥላ ሥር መግባትን፣ የተቀማጭ ገንዘብን መሠረት ማስፋትንና የገበያውን አመኔታ ነበር፤ የከፈሉት ዋጋ ቁጥጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ለገሃር አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ መደብር አለኝ። የውጭ ባንኮች ሊገቡ ነው እየተባለ ነው። እናት ኩባንያው ናይሮቢ ወይም ሌላ አገር በሆነ ባንክ ገንዘቤን ባስቀምጥና እናትየው ብትከስር የኔ ገንዘብ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው? ልጆቼ ‹እማዬ አታስቢ› ይሉኛል፤ እኔ ግን አስባለሁ።»

መልስ፦ ማሰብዎ ተገቢ ነው፣ እመቤቴ። በቅርቡ የሆነውን አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። በመጋቢት 2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ፤ ከሳምንት በኋላ እናት ኩባንያው ኤስ ቪ ቢ ፋይናንሻል ግሩፕ በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የአስቀማጮች ገንዘብ በመንግሥት ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተጠበቀ፤ የእናት ኩባንያው ባለአክሲዮኖች ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ነገሩን የባሰ የሚያስገርመው እናት ኩባንያው ራሱ በገዛ ልጁ ባንክ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተቀማጭ ነበረው፤ ለዚያ ገንዘብ የተቀማጭ መድን ተቋሙን እስከ መክሰስ ደረሰ። ከዚህ የምንይዘው አስቀማጭና ባለአክሲዮን በአንድ ስም ሥር ቢኖሩም በተለያየ ወለል ላይ እንደቆሙ ነው።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ልዩነት ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንክ በተቀጥላ ኩባንያ፣ በቅርንጫፍ ወይም በወኪል ቢሮ እንዲገባ፣ ወይም ባሉት ባንኮች ውስጥ በተወሰነ መጠን አክሲዮን እንዲገዛ ፈቅዷል፤ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ባለሀብቶች ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳይበልጥም ገድቧል። ተቀጥላ ኩባንያ በአገራችን ሕግ የተቋቋመ፣ የራሱ ካፒታልና የራሱ ቦርድ ያለው ባንክ ስለሆነ እናቱ ናይሮቢ ብትታመም እርሱ እዚህ በገዛ እግሩ ሊቆም ይችላል። ቅርንጫፍ ግን የዚያው የውጭ ባንክ አካል ነው፤ ግንዱ ከወደቀ ቅርንጫፉ ለብቻው አይቆምም። ወኪል ቢሮ ደግሞ ገንዘብ አይቀበልም፤ ኬሲቢና ኢኩዊቲ የተባሉት የኬንያ ቡድኖች አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ከከፈቱ ዓመታት ቢቆጠሩም እስከ ዛሬ ደብተር ያልሰጡዎት ለዚህ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማስቀመጥዎ በፊት በመስኮቱ ላይ የሚጠይቁት «እናታችሁ ማን ናት?» ሳይሆን «እናንተ ተቀጥላ ናችሁ ወይስ ቅርንጫፍ?» ይሁን። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና እንደሚሰጥም ይወቁ።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነው ማለትም አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1905 ተዋውለው በ1906 ያስከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ ራሱ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ልጅ ነበር፤ ኢትዮጵያ ባንኩን በ1931 ገዝታ የራሷ እስክታደርገው ድረስ የመጀመሪያው ባንካችን እናት ካይሮ ነበረች።

ጥያቄ፦ «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው ይባላል። ታዲያ ሆልዲንግስ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ ነው ማለት ነው? ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ።»

መልስ፦ በቃሉ ሰፊ ትርጉም አዎን፤ በአሜሪካው ሕግ ትርጉም ግን አይደለም። የመንግሥት ድርጅቶችን እንዲይዝ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው ሆልዲንግስ ከመሥሪያ ቤትዎ መስኮት የሚታይዎትን ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ባለቤት ከሆነው ባንክ ጋር አየር መንገዱንና ኢትዮ ቴሌኮምን ጭምር ይዟል። የ1956ቱ የአሜሪካ ሕግ የመነጨው ባንክና ንግድ በአንድ እጅ አይያዙ ከሚል ሐሳብ ስለሆነ፣ አንድ የግል ኩባንያ እዚያ አየር መንገድና ባንክ አንድ ላይ ልያዝ ቢል አይፈቀድለትም፤ አብላጫ ድርሻው የፌዴራሉ ወይም የግዛት መንግሥት የሆነ ኩባንያን ግን ያው ሕግ ከትርጉሙ አውጥቶታል። ሥጋቱ ያው አንድ ነው፦ ተበዳሪውና አበዳሪው የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ እምቢ የሚል ማን ነው? በአገራችን የመንግሥት ድርጅቶች ከንግድ ባንክ የተበደሩት ተከማችቶ፣ ሆልዲንግስ ከመፈጠሩ በፊት፣ ዕዳውን የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ማቋቋም አስፈልጎ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ችግሩን ያመጣው መዋቅሩ አይደለም፤ መዋቅሩ ያባብሰዋል ወይስ ያርመዋል የሚለው የሚታየው በየዓመቱ በሚወጣው ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ሰንጋ ተራው ጠያቂያችን ልመለስ። የግል ባንኮቻችን እስከ ዛሬ እናት ኩባንያ ያላቆሙት ስላላሰቡት ብቻ አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 592 ከመንግሥት በስተቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ስለከለከለ፣ ባንክን የሚያዝዝ እናት ሊፈጠር አይችልም ነበር። አዋሽ ባንክና አዋሽ ኢንሹራንስ በአንድ ዘመን ተመሥርተው፣ ስም ተጋርተው፣ መንታ ሕንፃ አሠርተው ሲኖሩ እህትማማቾች እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም። ባንክዎ ሆልዲንግ ኩባንያ ይሁን ከተባለ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅና የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይህን በየትኛው አንቀጽ ይፈቅዳል?» የሚል ይሁን።

ከዚያ በኋላ ስለ አክሲዮን ምስክር ወረቀትዎ ይጠይቁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የኬንያው ኬሲቢ መዋቅሩን ሲቀይር፣ ናይጄሪያም በ2010 ባንኮቿ ከባንክ ውጪ ያለውን ሥራቸውን እንዲሸጡ ወይም ሆልዲንግ ኩባንያ እንዲያቆሙ ካዘዘች በኋላ ኤፍ ቢ ኤን ሆልዲንግስ በ2012 ሲመሠረት፣ ባለአክሲዮኖች ከባንኩ ወጥተው የእናት ኩባንያው ባለአክሲዮኖች ሆነዋል። ያ ማለት በመሳቢያዎ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ያለው ስም ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የባንኩን ቦርድ የሚመርጠው እናት ኩባንያው ነው፤ እርስዎ የሚመርጡት የእናቲቱን ቦርድ ብቻ ይሆናል። ወደ ገበያ ወጥተው ለመሸጥ ቢፈልጉም፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የሚሸጠው የባንኩ ሳይሆን የእናቲቱ አክሲዮን ይሆናል።

በሦስተኛ ደረጃ እናት ኩባንያው ይበደራል ወይ፣ ቢበደርስ ወለዱን ከምን ይከፍላል ብለው ይጠይቁ፤ ከላይ ለፒያሳዋ ጠያቂያችን ያሳየሁት የ300 ሚሊዮን ብር ምሳሌ የተጻፈው ለእርስዎም ጭምር ነው። ባንኩ ሲቸገር እናቲቱ ካፒታል ለመጨመር በጽሑፍ ግዴታ ትገባለች ወይስ «እናያለን» ትላለች የሚለውንም አይርሱ፤ ፌዴራል ሪዘርቭ ከ1984 ጀምሮ እናት ኩባንያ ለልጅ ባንኳ የብርታት ምንጭ መሆን አለባት ሲል ኖሮ፣ በሕግ አንቀጽ የጸናው ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። መልሶቹ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍሩ ያሳስቡ፤ ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።